ከጨዋታ ቤት እስከ ኪስ፤ የካዛንቺስ ተማሪዎችና የጨዋታ ሱስ ታሪክ

በቂርቆስና በካዛንቺስ ያደገ ተማሪ ሁሉ፣ ራሱ ተጫዋች ባይሆን እንኳ፣ አንድ የጨዋታ ቤት በዓይነ ሕሊናው መሣል አይቸግረውም። በሩ ላይ መጋረጃ የተንጠለጠለበት አንድ ክፍል፤ በውስጡ ሁለት ወይም ሦስት ቴሌቪዥን፤ በፊቱ ደብተሩን ከጭኑ ሥር የሸጎጠ ተማሪ፤ በስተኋላው ተራ የሚጠብቁ ጓደኞቹ። እኛም በዚህ ጽሑፍ ለመመልከት ያሰብነው ይህ ጨዋታ በሰፈሩ ውስጥ እንዴት እንደ ገባና ወዴት እንደ ሄደ፣ ተማሪውን ከጨዋታው ለመመለስ ታላላቆች ምን እንዳደረጉ፣ ደግሞም ከአርባ ዓመት በፊት በውጭ አገር የተጀመረ አንድ የማነጋገር ዘዴ ለእኛ ሰፈር ተማሪ ምን ሊረዳ እንደሚችል ነው። ሐሳባችንን አስቀድመን ለመናገር ያህል፣ እስካሁን የተሞከረው መድኃኒት ሁሉ በር መዝጋት ነበር፤ ዛሬ ግን ጨዋታው በተማሪው ኪስ ውስጥ ስላለ የሚዘጋ በር አልቀረም።

አስቀድሞ ስለ ሰፈሩ ጥቂት እንበል። ካዛንቺስ የሚለው ስም ከጣሊያን ወረራ ዘመን የቀረ ነው። ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ቤት የሚሠራው የጣሊያን ተቋም በአሕጽሮት «ኢንቺስ» ይባል ነበርና፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው ጊዜ በዚያ የተሠሩት ቤቶች «ካዜ ኢንቺስ»፣ ማለት የኢንቺስ ቤቶች፣ ተባሉ፤ ሕዝቡም ሁለቱን ቃል አንድ አድርጎ ካዛንቺስ አለው። ቂርቆስ ግን ስሙን ያገኘው ከቤተ ክርስቲያኑ ነው፤ በኋላም፣ በ1995 ዓ.ም. ከተማው በክፍለ ከተሞች ሲከፋፈል፣ ካዛንቺስን ጨምሮ የሰፊው ክፍለ ከተማ መጠሪያ ሆነ። የአፍሪካ የኢኮኖሚ ኮሚሽን በአዲስ አበባ ከተቋቋመና አፍሪካ አዳራሽ በ1953 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ በካዛንቺስ ዙሪያ ሆቴሉና መጠጥ ቤቱ በዛ። ከዋናው መንገድ ጀርባ ደግሞ በ1967 ዓ.ም. በወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ የቀበሌ ቤት የሆኑ ጠባብ ቤቶች ተደጋግፈው ይኖሩ ነበር። አንዲት ክፍል ውስጥ ስድስት ሰባት ሰው በሚያድርበት ቤት ልጅ የሚጫወትበትም የሚያጠናበትም ሥፍራ አልነበረም። ይህን አንባቢ እንዲያስታውስልን እንለምናለን፤ የጨዋታ ቤት ታሪክ የሚጀምረው ከዚህ ነውና።

ጨዋታ ራሱ አዲስ ነገር አይደለም። ገበጣ በአገራችን ከጥንት የነበረ ሲሆን፣ ሪቻርድ ፓንክኸርስት በ1971 እ.ኤ.አ. ስለ ገበጣ ባሳተሙት ጥናት በኢትዮጵያና በአካባቢው ያለውን ዓይነቱን ሁሉ ሰብስበው አሳይተዋል። ከገበጣ በኋላ ካራምቦላ መጣ፤ ቃሉ ራሱ ከማን እንደ ተቀበልነው ይናገራል። ቀጥሎ በየቀበሌው መዝናኛና በየመንገዱ ዳር የጆተኒ ጠረጴዛ ቆመ። ካራምቦላው የታላላቆች ጨዋታ ነበር፤ ጆተኒ ግን ለልጅ ተፈቅዶ ነበር፤ ድምፁም ከሩቅ ስለሚሰማ እናት ልጇን ፈልጋ አታጣውም። ከዚያ በኋላ ፊልም የሚያሳዩ የቪዲዮ ቤቶች ተከፈቱ፤ ኢንተርኔትም በ1989 ዓ.ም. ወደ አገራችን ገብቶ ውሎ አድሮ በየሰፈሩ የኢንተርኔት ቤት አስነሣ። በመጨረሻም በፕሌይስቴሽን የእግር ኳስ ጨዋታ የሚጫወቱበት ቤት መጣ። በ2000ዎቹ ዓመታት በካዛንቺስ ከመናኸሪያው ወደ ኡራኤል በሚወስዱት ውስጥ ለውስጥ መንገዶች፣ በቂርቆስም እስከ ሪቼና እስከ ቄራ አቅጣጫ፣ የፊፋ ዜማ የማይሰማበት መንደር ጥቂት ነበር።

የጨዋታ ቤቱን ሕግ ለማያውቅ አንባቢ ማስረዳት ያስፈልጋል። ሒሳቡ የሚታሰበው በሰዓት ሳይሆን ብዙውን ጊዜ በጨዋታ ነው፤ የሚከፍለውም ተሸናፊው ነው። አሸናፊው ወንበሩን ይዞ ይቀመጣል፤ ተሸናፊው ከፍሎ ይነሣል። ስለዚህ ጎበዝ ተጫዋች ያለ አንዲት ሳንቲም ከሰዓት በኋላውን ሁሉ ሊውል ይችላል፤ ደካማው ደግሞ የምሳውን ገንዘብ በግማሽ ሰዓት ይጨርሳል። ታዲያ ደካማው ለምን ተመልሶ ይመጣል? እኛ እንደምናስታውሰው፣ ገንዘብ የሌለውም ልጅ በዚያ ክፍል ውስጥ ሥፍራ ነበረው። ተራ ይቆጥር ነበር፣ ዳኛ ይሆን ነበር፣ ያበሽቅ ነበር። ቤት ውስጥ መቀመጫ ያጣ ልጅ በጨዋታ ቤት ስም ነበረው። ይህን የምንለው የጨዋታ ቤቱን ለማወደስ አይደለም። ከትምህርት ገበታቸው የቀሩትን፣ ከእናታቸው መቀነት ገንዘብ የወሰዱትን እኛም እናውቃቸዋለን፤ ከመካከላቸው ዛሬ በዚህ ኮሌጅ ከእኛ ጋር መቀመጥ ይገባቸው የነበሩ አሉ።

ታላላቆችስ ምን አደረጉ? አባት ቀበቶውን ይዞ መጣ፤ መምህር ስም መዘገበ፤ የመንደሩም ደንብ አስከባሪ በሩን አሸገ። በአንድ ትምህርት ቤት ሳለን የሆነውን እንንገር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የተማሪዎች ተቆጣጣሪው ከሁለት ዘበኞች ጋር ወደ ጨዋታ ቤቱ ገብተው የዐሥራ አንድ ልጆች ቦርሳ ሰበሰቡ። በማግሥቱ ወላጅ ተጠራ፤ አልቅሰውም ምለውም ተመለሱ። በሳምንቱ ዐሥራ አንዱም በሌላ ጨዋታ ቤት ነበሩ፤ ይኸኛው በጓሮ በኩል መውጫ ያለው ነው። ከመካከላችን አንዱ ከዐሥራ አንዱ መካከል ስለ ነበረ ይህን በወሬ የምንናገረው አይደለም። የተገኘው ትምህርት ጨዋታን መተው ሳይሆን መውጫ ያለውን ቤት መምረጥ ሆነ።

በር መዝጋት የእኛ ብቻ ልማድ እንዳይመስል ወደ ሌሎች አገሮች እንመልከት። ደቡብ ኮሪያ በ2011 እ.ኤ.አ. ከ16 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋት 12 ሰዓት በኢንተርኔት እንዳይጫወቱ በሕግ ከለከለች፤ ከዐሥር ዓመት በኋላ ግን ልጆቹ ወደ ስልክ ስለ ተዛወሩ፣ ሕጉም የቤተ ሰብን ምርጫ ይጋፋል ስለ ተባለ፣ ከ2022 መግቢያ ጀምሮ ቀረ። ቻይና በ2021 ከ18 ዓመት በታች ላሉት ዓርብ፣ ቅዳሜና እሑድ እንዲሁም በበዓል ቀን አንድ አንድ ሰዓት ብቻ ፈቀደች። እነዚህ መንግሥታት ጨዋታውን የሚያቀርቡትን ኩባንያዎች በስም ያውቃሉ፣ ያዛሉም። በእኛ ሰፈር የነበረው ግን መጋረጃና ቁልፍ ነው።

መጋረጃውንም ዘመኑ ገፈፈው። በመጋቢት ወር 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ፣ ብዙ ትምህርት ቤቶች የቤት ሥራውን በቴሌግራም ይልኩ ጀመር። እስከ ትናንት ድረስ ስልክ ይዞ የተገኘ ተማሪ ይቀጣ ነበር፤ አሁን ስልክ የሌለው ተማሪ ከትምህርት ቀረ። ወላጅ ተበድሮም ቢሆን ገዛ። በዚያው ስልክ ላይ ፐብጂም ሌላውም ጨዋታ ይጫናል፤ «እያጠናሁ ነው» የሚለውን ልጅ ማን ይመረምረዋል? በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ሳፋሪኮም ሥራ ጀምሮ ከኢትዮ ቴሌኮም ጋር ሲወዳደር ደግሞ የኢንተርኔት ጥቅል ሽያጭ በየጥጉ ተስፋፋ።

ከዚያም የ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ መጣ። በኮሪደር ልማቱ ምክንያት የካዛንቺስ ብዙው ክፍል ፈረሰ፤ ነዋሪውም ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች ሥፍራዎች ተዛወረ። በዚያ ቤቱ የተሻለ፣ ውኃና መጸዳጃውም የተለየ ነው የሚል አለ፤ ከእድርና ከገበያ ተለየን የሚልም አለ። ይህን ለመዳኘት ሌላ ጥናት ያስፈልጋል። ለጉዳያችን የሚያገባው ግን ይህ ነው፦ አብረው ተራ ይጠብቁ የነበሩ ልጆች በከተማው አራት ማዕዘን ተበተኑ። ማታ ማታ የሚገናኙት በስልክ ጨዋታ ውስጥ ነው፤ በጆሮ ማዳመጫ እየተጠራሩ፣ በድሮው የመንደር ቅጽል ስማቸው። ጨዋታው ለእነርሱ የፈረሰው ሰፈር ሆነ። እንግዲህ ለእንዲህ ያለው ተማሪ «ጨዋታውን ተው» ማለት ምን ማለት እንደ ሆነ አንባቢ ያስብበት።

በዚህ ቦታ «ሱስ» ስለሚለው ቃል መናገር ግድ ይላል። በአማርኛችን ቡና ያልጠጣች እናት «ሱሴ ተነሣ» ትላለች፤ ይህን ብላም ማንም ሕመምተኛ አይላትም። ያው ቃል ደግሞ ቤቱን ሸጦ ለጠጣው ሰው ይነገራል። ከመውደድ እስከ መጥፋት ያለውን መንገድ ሁሉ በአንድ ቃል ስለምንጠራው፣ መምህር «የጨዋታ ሱሰኛ» ሲል ስንተኛው ምዕራፍ ላይ እንዳለ አይታወቅም። ሐኪሞች ግን ጠንቀቅ ይላሉ። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ2013 እ.ኤ.አ. ባወጣው መድበል ጉዳዩን ገና ጥናት ከሚያስፈልጋቸው መካከል መደበው። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ በ2019 የጸደቀውና ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የበሽታዎች ዝርዝር ውስጥ አስገባው፤ ምልክቶቹም ሦስት ናቸው፦ ጨዋታውን መግታት አለመቻል፣ ጨዋታውን ከሌላው ኑሮ ሁሉ ማስቀደም፣ ጉዳት እየደረሰም መቀጠል። ይህም እንደ ደንቡ ዓመት ያህል የቆየ መሆን ይገባዋል። በዚህ ሚዛን ቢመዘን ከዐሥራ አንዱ ልጆች ብዙዎቹ ሕመምተኞች አልነበሩም።

አሁን ወደ ማነጋገር ዘዴው እንለፍ። በአሜሪካ ይኖሩ የነበሩ የመጠጥ ሱሰኞች ረዳቶች ለረጅም ጊዜ ሲሠሩበት የነበረው መንገድ ፊት ለፊት መጋፈጥ ነበር። ጠጪው ችግሩን ይክዳል፣ ክህደቱም በኀይለኛ ቃል መሰበር አለበት ይሉ ነበር። በኒው ሜክሲኮ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቡና መምህር የሆነው ዊሊያም ሚለር ግን በራሱ ምርምር ሌላ ነገር አየ፤ ጠጪው የሚሻለው ረዳቱ በጥሞና ሲያዳምጠው ነበር። በ1982 እ.ኤ.አ. ኖርዌይ በቤርገን ከተማ አጠገብ በሚገኝ ክሊኒክ ሳለ፣ ወጣት የሥነ ልቡና ባለሙያዎች ዘዴውን ለማየት እነርሱ ጠጪ እየሆኑ እርሱ ያነጋግራቸው ነበር። በመካከሉ እያስቆሙ «ይህን ጥያቄ ለምን ጠየቅህ? ያንን ለምን ተውከው?» ይሉታል። እርሱም በልማድ ይሠራው የነበረውን ሲመልስ ሲመልስ ሥርዓት ሆኖ ወጣና በ1983 አሳተመው። ለእኛ ለተማሪዎች ደስ የሚለን ነገር፣ ዘዴው ከተማሪዎች ጥያቄ የተወለደ መሆኑ ነው። በ1991 ደግሞ በዌልስ ይሠራ ከነበረው ከስቲቨን ሮልኒክ ጋር መጽሐፍ አድርገው አወጡት። በ1993 ሚለርና ባልደረቦቹ ባሳተሙት ሌላ ምርምር፣ ረዳቱ በተጋፈጠ መጠን ጠጪው ከዓመት በኋላ የሚጠጣው በዝቶ ተገኘ። የቀበቶውንና የቦርሳውን ነገር ለምናስታውስ ይህ ቁጥር የሚያስገርም አይደለም።

ስሙን ወደ አማርኛ ለመመለስ ተቸግረናል። «ሞቲቬሽናል ኢንተርቪዊንግ» የሚለውን አንዳንዶች «አነቃቂ ቃለ መጠይቅ» ይሉታል፤ ነገር ግን ቃለ መጠይቅ ሲባል ለእኛ የሚታየን ሥራ ፈላጊና ጋዜጠኛ ነው፤ «አነቃቂ» ሲባልም በመድረክ ላይ የሚጮኽ ተናጋሪ። «ምክር» ማለትም አይሆንም። በእኛ አገር ምክር ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፤ ሽማግሌው ይናገራል፣ ልጁ መሬት መሬት እያየ «እሺ» ይላል። ያ «እሺ» የአክብሮት እንጂ የውሳኔ ቃል አይደለም፤ መካሪው ግን ተሳክቶልኛል ብሎ ይሄዳል። እኛ ለዚህ ጽሑፍ ያህል «ፈቃድን የሚያነሣሣ ጭውውት» ብለነዋል፤ የተሻለ ያለው ይተካው።

ዘዴው ምን እንደሚመስል ለማሳየት ራሳችን ያዘጋጀነውን ምሳሌ እናቅርብ። መምህሩ «ይህን ጨዋታ ካልተውህ ፈተና ትወድቃለህ» ቢለው፣ ተማሪው «መምህር፣ ሁሉም ይጫወታል፤ ባለፈውም አልፌአለሁ» ይላል። መምህሩ የመተዉን ወገን ስለ ያዘ ለተማሪው የቀረው የመቀጠሉ ወገን ብቻ ነው፤ በተከራከረም ቁጥር ራሱን ያሳምናል። በሌላው መንገድ ግን እንዲህ ይሆናል።

«ጨዋታው ምን ይሰጥሃል?»

«ጓደኞቼ እዚያ ናቸው፣ መምህር። ከካዛንቺስ ከወጣን ወዲህ ሌላ መገናኛ የለንም።»

«የሰፈርህ ልጆች የሚገኙት በእርሱ ውስጥ ነው።»

«አዎ። ግን እስከ ስምንት ሰዓት ሌሊት እንቆያለን። መንገዱ ሩቅ ስለ ሆነ በዐሥር ተኩል እነሣለሁ፤ ክፍል ውስጥ እተኛለሁ።»

«እንቅልፉ አሳስቦሃል።»

«እናቴም ታውቃለች። ምንም አትለኝም፤ እርሱ ይብሳል።»

«ሰዓቱን መቀነስ ለአንተ ምን ያህል ያስፈልግሃል? ከዜሮ እስከ ዐሥር ብትለካው?»

«አምስት።»

«ለምን ሁለት አላልህም?»

የመጨረሻይቱን ጥያቄ ልብ ይሏል። «ለምን ዘጠኝ አላልህም?» ቢለው ተማሪው ሰበቡን በደረደረ ነበር። «ለምን ሁለት አላልህም?» ሲለው ግን መልሱ ሁሉ መቀነስ ያለበት ለምን እንደ ሆነ ነው፤ ይህንንም የሚናገረው ራሱ ነው። የዘዴው ባለቤቶች ይህን የለውጥ ንግግር ይሉታል። መምህሩ ደግሞ አንድ የማያውቀውን ነገር አወቀ፤ የእናትየዋን ዝምታ። ከቦርሳ ሰብሳቢው አንዱም ይህን ሊያገኝ አይችልም ነበር።

ተቃውሞ እንደሚነሣ እናውቃለን። የመጀመሪያው «በእኛ ባህል ታላቅ ታናሹን እንዲህ ቢያነጋግር ክብሩ ይቀላል» የሚል ነው። እኛ ይህን ሙሉ በሙሉ አንቀበልም። በሰፈራችን የሚከበሩ እናቶች ቡና እያፈሉ ብዙ ሳይናገሩ ሰው ጉዱን እንዲያወጣ ሲያደርጉ አይተናል፤ «እሺ፣ ከዚያስ?» ከማለት በቀር ሌላ አይጨምሩም። ሁለተኛው ተቃውሞ ግን ከባድ ነው። ዘዴው ስለ መጠጥ ብዙ ተፈትኗል፤ ስለ ጨዋታ የተደረገው ምርምር ግን ጥቂት ነው፤ እርሱም ብዙውን ጊዜ አስተሳሰብንና ልማድን ከሚያርም ሌላ ሕክምና ጋር ተጣምሮ ነው። ስለዚህ ጭውውቱ ብቻውን ያድናል የሚል ሰው ማስረጃ ያምጣ። በአገራችን የዓለም ጤና ድርጅት የአእምሮ ሕክምናን ወደ ጤና ጣቢያ የሚያወርደው ዕቅድ ከ2010 እ.ኤ.አ. ወዲህ ተጀምሯል፤ በ2016 የታተመው መመሪያውም በመጠጥና በዕፅ ምዕራፍ ይህንኑ ጭውውት ይጠቅሳል። እንግዲህ ዘዴው ለጤና ባለሙያው እንግዳ አይደለም፤ ያልደረሰው ትምህርት ቤት ነው። በክፍል ስድሳ ተማሪ የሚያስተምር መምህር ለአንዱ ሃያ ደቂቃ ከየት ያመጣል? የተነገረውንስ ምሥጢር ለወላጅ ሳይናገር ይጠብቃል? እነዚህ ካልተመለሱ ጭውውቱ ሌላ ዓይነት ምርመራ ሆኖ ይቀራል።

ደግሞም ጭውውት የማይሰጠው ነገር አለ። በምሳሌያችን ያለው ተማሪ ሌሊቱን ለመቀነስ ቢቆርጥ ጓደኞቹን የት ያግኛቸው? አንድ ሰው ሱሱን ሲተው በቦታው የሚገባ ነገር ይሻል፤ ጆተኒ የቆመበት ጥግ ግን ዛሬ ሰፊ መንገድ ነው። ስለዚህ በአዲሶቹ መንደሮች የወጣት መሰብሰቢያ ጉዳይ ከጤና ጉዳይ ተለይቶ መታየት የለበትም እንላለን።

ይህን ጥናት ለሚቀጥል ተማሪ አንድ አስቸኳይ ሥራ አለ። የካዛንቺስን ጨዋታ ቤቶች ያቋቋሙት ሰዎች በሕይወት አሉ፤ አብዛኛዎቹ ከሰፈሩ ተነሥተዋል። የትኛው ቤት መቼ እንደ ተከፈተ፣ ስንት ጊዜ እንደ ታሸገ፣ በማን ትእዛዝ እንደ ሆነ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው። እኛ ከሦስቱ ጋር ተነጋግረናል፤ አንደኛው የተጫዋቾቹን ዕዳ የጻፈበትን ደብተር እስከ ዛሬ አልጣለውም፤ ከቅጽል ስሞቹም አንዱ የእኛ ነበር።